ወርክሾፑን እንደ ሥራ ቦታ ማስኬድ፦ ለጎልማሳና ለሙያ ሠልጣኞች የሥራ ላይ ጠባይ ማሠልጠኛ፣ ለጅማ አሠልጣኞች

መሰርሰሪያ አሳምሮ የሚይዝ ሠልጣኝ ተቀጥሮ በወሩ ሲመለስ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመሰርሰሪያው ጋር አይገናኝም። አርፍዶ ገብቷል፤ የሰበረውን ምላጭ ደብቋል፤ ያልገባውን ትእዛዝ እሺ ብሎ ተቀብሎ እንጨት አበላሽቷል፤ ለቅሶ ሄዶ ሁለት ቀን ሳይደውል ቀርቷል። ብዙ ማሠልጠኛዎች ይህን ሁሉ «የሥራ ሥነ ምግባር» በሚል ርዕስ በአንድ ከሰዓት ንግግር ይጨርሱታል። ሠልጣኙ ማስታወሻ ይጽፋል፣ ይፈተናል፣ ያልፋል፤ ጠባዩ ግን እንደነበረ ይቀራል። ጠባይ የሚለወጠው በየቀኑ ሲሠራበት፣ ሰው ሲያየውና የታየው ወዲያው ሲነገር ነው።

ስለዚህ እዚህ የቀረበው አካሄድ አዲስ ክፍለ ጊዜ አይጨምርም፤ ያለውን የወርክሾፕ ሰዓት እንደ ሥራ ቦታ ያስኬዳል። የተሰላው ለ24 ሠልጣኞች፣ ለሁለት አሠልጣኞችና ለ10 ሳምንት ነው። ምሳሌዎቹ ከእንጨት ሥራ ቢበዙም በጋራዥ፣ በስፌት፣ በሆቴል መስተንግዶና በቡና መጋዘን ሥራም በዚያው መንገድ ይሄዳሉ።

ጊዜ ስትመርጡ ቡናውን አስቡ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት ከጅማ ዙሪያ ወረዳዎች የሚመጣ ጎልማሳ ሠልጣኝ ማሳውን ትቶ አይቀመጥም፤ መቀመጥም የለበትም፤ የዓመት ገቢው ነው። ሰዓት ማክበርን የምታሠለጥኑበትን 10 ሳምንት በዚያ ወቅት ከጀመራችሁ በመጀመሪያው ወር ግማሹ ቀሪ ይሆናል፤ ደንቡም ገና ሳይጠና ይፈርሳል። ከጥር አጋማሽ በኋላ ጀምሩ።

መጀመሪያ ወደ ቀጣሪው ሂዱ

ሥልጠናው ከመጀመሩ ከሁለት ሳምንት በፊት ስምንት የሥራ ቦታ ጎብኙ፦ ሁለት የእንጨት ሥራ ቤት፣ ሁለት ጋራዥ፣ አንድ ሆቴል፣ አንድ የቡና መጋዘን፣ አንድ የግንባታ ሥራ፣ እንዲሁም በጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ ፋብሪካ። ሐሙስን ተዉት፤ በገበያ ቀን ማንም ቆሞ አያወራችሁም።

«ምን ዓይነት ሠራተኛ ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «ታማኝና ታታሪ» ነው፤ በዚህ ደግሞ ምንም ማሠልጠን አይቻልም። እነዚህን ጠይቁ፦

1. በቅርቡ ያሰናበታችሁት ሰው ምን አድርጎ ነው?
2. አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ሲያደርግ ነው ልባችሁ የሚያርፈው?
3. ሠራተኛ መቅረቱን ለማን፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ በምን ማሳወቅ አለበት?
4. ትእዛዝ የምትሰጡት በቃል ነው፣ በወረቀት ነው ወይስ በቴሌግራም? በየትኛው ቋንቋ?
5. ዕቃ ሲሰበር ሠራተኛው ይከፍላል?

ባለቤቱን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ፎርማኑን ወይም ተቆጣጣሪውን ለብቻው አነጋግሩ፤ በየቀኑ ሠራተኛውን የሚያየው እሱ ነውና መልሱ ከባለቤቱ የተለየ ይሆናል። አምስተኛው ጥያቄ በተለይ ብዙ ይገልጣል። ዕቃ የሰበረ በሚከፍልበት ቤት ሠራተኞች ብልሽት ይደብቃሉ፤ ሠልጣኛችሁ እዚያ ሲገባ ምን እንደሚጠብቀው አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

የሚታይ ነገር ብቻ ምረጡ

ከመልሶቹ ስድስት ጠባዮችን አውጡ። ከስድስት በላይ ከሆነ አሠልጣኙ ራሱ አይከታተለውም። እያንዳንዱ በዓይን የሚታይ ወይም በጆሮ የሚሰማ መሆን አለበት። «ኃላፊነት ይሰማዋል» አይታይም፤ «መሣሪያ ሲበላሽበት በ10 ደቂቃ ውስጥ ለተቆጣጣሪው ይናገራል» ይታያል። ለአብዛኛው ሙያ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው፦

- በመግቢያ ሰዓት ቱታውን ለብሶ፣ መሣሪያውን ተረክቦ ቦታው ላይ ይገኛል።
- የሚቀር ወይም የሚያረፍድ ከሆነ ከመግቢያ ሰዓት በፊት ራሱ ይደውላል።
- ትእዛዝ ሲቀበል መልሶ ይናገራል፤ የጎደለውን ይጠይቃል።
- ብልሽትና ስህተትን በ10 ደቂቃ ውስጥ ያሳውቃል።
- ቦታውንና መሣሪያውን አስተካክሎ ያስረክባል።
- የደንበኛን ቅሬታ ሳያቋርጥ ሰምቶ መፍትሔውን ወይም ቀጠሮውን ይናገራል።

ዝርዝሩን ከመለጠፋችሁ በፊት ፈትኑት። ሁለቱ አሠልጣኞች አንድን ሠልጣኝ ለአንድ ሰዓት ይመልከቱና ሳይነጋገሩ ይመዝግቡ። ምዝገባው ከተለያየ ጥፋቱ የሠልጣኙ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ ግልጽ ስላልሆነ አስተካክሉት።

1ኛና 2ኛ ሳምንት፦ ሰዓት፣ ቡድንና ርክክብ

24ቱን በአራት ቡድን፣ በቡድን ስድስት አድርጓቸው። በየቡድኑ አራት የሥራ ድርሻ ይኑር፦ ፎርማን፣ የመሣሪያ ኃላፊ፣ ጥራት ተቆጣጣሪ፣ የደኅንነትና የጽዳት ኃላፊ። ቀሪዎቹ ሁለቱ በሥራው ላይ ይሆናሉ። ድርሻው በየሳምንቱ ሰኞ ይቀየራል። በ10 ሳምንት ሁሉም ቢያንስ አንድ ጊዜ ፎርማን መሆን አለበት፤ ሌላውን ተቆጣጥሮ የሚያውቅ ሰው ሲቆጣጠሩት አይከፋውም።

የቀኑ አካሄድ ይህን ይመስላል። ከ2፡20 ጀምሮ ፊርማ ይፈረማል፤ 2፡30 ላይ መዝገቡ ይዘጋል። እስከ 2፡40 ቡድኑ ቆሞ ይሰበሰባል፤ ፎርማኑ የትናንቱን ቀሪ ሥራ፣ የዛሬውን ድርሻና አንድ የደኅንነት ጉዳይ ይናገራል። ስብሰባው በመቀመጥ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይበላል። ማብቂያው ላይ 20 ደቂቃ ለጽዳትና ለርክክብ ይተዋል። ዓርብ ሥራው ለጁምዓ ሶላት በሚመች መንገድ ስለሚቋረጥ ርክክቡን ከ5፡30 በፊት ጨርሱ፤ ቸኩሎ የወጣ ቡድን መሣሪያ ትቶ ይወጣል።

መዝገቡ 2፡30 ላይ በእውነት ይዘጋ። አሠልጣኙ 2፡45 እየመጣ ሠልጣኝን ስለ ሰዓት ቢመክር ውጤት የለውም። ዘግይቶ የመጣ ሠልጣኝ ደግሞ አይባረር፤ መባረር ለአንዳንዱ ዕረፍት ነው። ይገባል፣ «አርፍዷል» ተብሎ ይጻፋል፣ ምክንያቱን ለራሱ ፎርማን ይናገራል፣ በርክክቡ ሰዓት የቡድኑን ቀሪ ሥራ ይሸፍናል።

በሁለተኛው ሳምንት 15 ደቂቃ ወስዳችሁ ሰዓትና ቀን ማንበብን አለማምዱ። በ08፡00 የተጻፈ የፈረቃ ማስታወቂያ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ 14፡00 ከሰዓት 8 ነው። የፈረቃ ሰሌዳ፣ የዕቃ መላኪያ ሰነድና የመድኃኒት ወይም የኬሚካል ማብቂያ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ሊጻፉ ይችላሉ። አሥር ሰዓቶችንና አምስት ቀኖችን ሰጥታችሁ በቃል እንዲለውጡ አድርጉ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ቀን ሥራውን ስድስት ሰዓት የሚስት ሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ለርክክቡ የካይዘንን (ከጃፓን የመጣ የሥራ ቦታ ማሻሻያ ዘዴ ነው) አምስት «ማ»ዎች ተጠቀሙ፤ ሠልጣኙ በፋብሪካም በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ያገኛቸዋል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ግድግዳ ላይ በሚለጥፉት ወረቀት አትርኩ። የመሣሪያ ሰሌዳ አዘጋጁና የእያንዳንዱን መሣሪያ ቅርጽ በቀለም ሳሉበት፤ የጎደለው መሣሪያ ከበር ላይ ሆኖ ይታያል። ሁሉም ቅርጽ ሳይሞላ ማንም አይወጣም። ብዙ ማሠልጠኛ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አሳምሮ ይሠራና በአራተኛው ሳምንት ይተወዋል፤ የሚተወውም የመሣሪያ ኃላፊው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ነው። ስሙ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ።

ከ3ኛ እስከ 5ኛ ሳምንት፦ ትእዛዝ መቀበል

ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ለዚህ ስጡ። በወርክሾፕ የሚባክነው ቁሳቁስ አብዛኛው የሚባክነው በደንብ ባልተሰማ ትእዛዝ ነው። ሠልጣኙ ሳይገባው ዝም የሚለው ስንፍና ስላለበት አይደለም፤ ታላቅን ደግሞ መጠየቅ ድፍረት ይመስለዋል። ስለዚህ መጠየቅን እንደ አክብሮት አድርጋችሁ አስተምሩ፤ የሚጠቀምበትንም ቃል ስጡት፦ «እንዳላበላሽብዎ ልድገመው፤ …» ይህ አባባል ለትልቅም ለትንሽም ይሆናል።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ፎርማኑን ለብቻው ጠርታችሁ አንድ ጊዜ ብቻ በቃል እዘዙት፦ «ስድስት የጅማ በርጩማ፣ በሦስት እግር፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ መቀመጫው 32፣ ለሐሙስ ይድረስ።» ሆን ብላችሁ ሁለት ነገር አጉድሉ፦ የእንጨቱን ዓይነትና ቫርኒሽ መቀባት አለመቀባቱን። ፎርማኑ ሦስት ነገር ይጠበቅበታል። አምስቱን ዝርዝር ደግሞ ይናገራል፤ የጎደሉትን ሁለቱን ይጠይቃል፤ ከዚያ ለቡድኑ ሲያስተላልፍ ምንም ሳያጎድል ያስተላልፋል። ቡድኑ የሰማውን ጥራት ተቆጣጣሪው በወረቀት ይጽፋል፤ እናንተ ከሰጣችሁት ጋር ታስተያያላችሁ።

በመጀመሪያው ዙር ከአምስቱ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ቢደርሱ አትደነቁ። ቁጥሮች መጀመሪያ ይጠፋሉ፤ ቀጥሎ ቀኑ። መድኃኒቱ ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ በቱታ ኪስ መያዝ ነው። መጻፍ ለማይችል ጎልማሳ ጣት ላይ መቁጠርን አስተምሩ፦ ስንት፣ ምን ያህል፣ ከምን፣ እንዴት፣ ለመቼ፤ አምስት ጣት፣ አምስት ጥያቄ። አንዱ ጣት ባዶ ከቀረ ይጠይቃል።

በአራተኛው ሳምንት ትእዛዙን በአፋን ኦሮሞ ሰጥታችሁ በአማርኛ እንዲያስተላልፉት አድርጉ፤ በማግስቱ ገልብጡት። ጅማ ላይ ባለቤቱ በአንዱ፣ ደንበኛው በሌላው ቢያወራ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። በአንዱ ቋንቋ ብቻ የሚተማመን ሠልጣኝን ሁለቱን ከሚናገር ጋር አጣምሩት፤ የመለኪያና የመሣሪያ ስሞችን፣ ቁጥሮችንና ሰላምታን ቢያንስ ይያዝ።

በአምስተኛው ሳምንት ትእዛዙን መሐል ላይ ቀይሩት፦ «ስድስት ያልኩት አራት ይሁን፤ ሁለቱ ግን 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኑራቸው።» እዚህ ላይ የሚታየው ንዴትን መቆጣጠርና ሥራን እንደገና መከፋፈል ነው። እንጨት እንዳይባክን ለውጡ ከመቁረጣቸው በፊት ይነገር።

6ኛና 7ኛ ሳምንት፦ መጥፎ ዜና መናገር

ይህ ክፍል የሚቆመውም የሚወድቀውም በአሠልጣኙ ፊት ላይ ነው። አንድ ሠልጣኝ የመጋዝ ምላጭ ሰብሮ ሲመጣ ጮክ ብላችሁ ከተቆጣችሁ፣ ሃያ ሦስቱ ሌሎች ከዚያች ቀን ጀምሮ መደበቅን ይማራሉ። ደንቡን አስቀድማችሁ ተናገሩና ጠብቁት፦ በ10 ደቂቃ ውስጥ የተነገረ ብልሽት አያስከፍልም፣ ነጥብም አይቀንስም፤ ተደብቆ የተገኘ ግን ሙሉ ቡድኑን በርክክቡ ያስቆያል። በግዴለሽነት የሚደጋገም ብልሽት ካለ ለብቻው፣ በሌላ ቀን፣ በቢሮ ውስጥ ተነጋገሩበት።

ንግግሩ ሦስት ነገር ይይዛል፤ ሠልጣኙ በዚሁ ቅደም ተከተል ይለማመደው። ምን ሆነ፦ «የመጋዙ ምላጭ ተሰብሯል።» አሁን ምን ላይ ነው፦ «ማሽኑን አጥፍቻለሁ፤ ሰው አልተጎዳም፤ ሁለት እግር ቀርቷል።» ምን ይደረግ፦ «ትርፍ ምላጭ ካለ እቀይራለሁ፤ ከሌለ ሥራው ለነገ ይተላለፋል።» ብዙዎች በይቅርታና በምክንያት ይጀምሩና ዋናው ነገር ሳይነገር ደቂቃዎች ያልፋሉ። ይቅርታው መጨረሻ ላይ ይምጣ።

በጥንድ አለማምዷቸው፦ አንዱ ፎርማን፣ አንዱ ሠራተኛ፣ በአንድ ጉዳይ ሁለት ደቂቃ። ጉዳዮቹ ከሙያው ይውጡ፦ በተሳሳተ ልኬት የተቆረጠ ሳንቃ፣ ዘይቱ ሳይሞላ የተነሳ ሞተር፣ ወደ ተሳሳተ ጠረጴዛ የተመራ እንግዳ፣ እርጥብ ቡና ከደረቁ ጋር የተከመረበት መጋዘን። የመጨረሻውን አብራሩላቸው፦ የእርጥበት ልዩነት ሻጋታ ያመጣል፤ ዛሬ የተነገረ አንድ ጆንያ ነገ ሙሉ ክምር ያድናል። ሠልጣኙ የመደበቅን ዋጋ በሙያው ውስጥ ሲያየው ምክሩ አይረሳውም።

መቅረትንም እዚሁ ጨምሩ። ለቅሶ፣ የታመመ ልጅ፣ የዕድር ግዴታ በማንም ላይ ይመጣል፤ ቀጣሪ የሚናደደው በዝምታው ነው። የስልክ ልምምድ አድርጉ፦ ስም፣ ክፍል፣ ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሚመለስበት ቀን፣ ጅምር ሥራው የት እንዳለ። ሌላ ሰው እንዲደውልለት አይፈቀድም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር ዘመድ ሲሞት የሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ከክፍያ ጋር ይሰጣል። ጎረቤት በዚህ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ለጎረቤት ለቅሶ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። የታመመም ቢሆን ቀጣሪው ካላወቀ በቀጣዩ ቀን ማሳወቅና የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ አለበት።

መዝገቡና የአምስት ደቂቃው ንግግር

ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ገጽ ይኑር፤ በአግድም ስድስቱ ጠባዮች፣ በቁም 10ሩ ሳምንታት። 0 አላደረገም፣ 1 ሲነገረው አደረገ፣ 2 ሳይነገረው አደረገ። ሌላ ነጥብ አያስፈልግም። በ1 እና በ2 መካከል ያለው ልዩነት ቀጣሪው የሚፈልገው ነገር ሁሉ ነው። በአንድ ቀን ስድስቱንም ጠባይ በ24 ሰው ላይ ለማየት አትሞክሩ፤ መዝገቡ ውሸት ይሆናል። እያንዳንዱ አሠልጣኝ በቀን ሦስት ሠልጣኝ ይምረጥና እነሱን ብቻ ይመልከት። በአራት ቀን ሁሉም ይዳረሳሉ፤ ዓርብ ለንግግር ይተርፋል።

ንግግሩ ለብቻ ነው፣ አምስት ደቂቃ ነው፣ የሚጀምረውም በሠልጣኙ ግምት ነው፦ «ለራስህ ስንት ትሰጣለህ? ምን አድርገህ?» ከዚያ ያያችሁትን አንድ ነገር ከቀኑና ከቦታው ጋር ተናገሩ፤ ለቀጣዩ ሳምንት አንድ ጠባይ ብቻ ተስማሙ። «ማክሰኞ ርክክብ ላይ መሮው ከሰሌዳው ጎድሎ ወጥተሃል» ይጠቅማል፤ «ግዴለሽ ነህ» ያስቆጣል እንጂ አይጠቅምም።

በዕድሜ ከእናንተ የሚበልጡትን በሰው ፊት አታርሟቸው፤ በእርስዎ ጥሯቸው፤ ባላቸው ልምድም ጀምሩ። ሃያ ዓመት ገበያ ላይ የቆየች እናት ደንበኛ ማስተናገድን ከአሠልጣኙ በላይ ታውቃለች። የቅሬታ ልምምዱን እሷ ትምራ። የሷ ችግር ምናልባት ከእሷ በታች ዕድሜ ካለው ፎርማን ትእዛዝ መቀበል ይሆናል፤ ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አውሉ።

8ኛና 9ኛ ሳምንት፦ እውነተኛ ሥራ ቦታ

በመጀመሪያ የጎበኛችኋቸው ቤቶች ዘንድ ሠልጣኞችን ለሁለት ሳምንት አስቀምጡ፤ በአንድ ቤት ከሦስት አይብለጡ። ያው የስድስት ጠባይ ገጽ ለፎርማኑ ይሰጠው፤ ዓርብ ዓርብ ሦስት ደቂቃ ወስዶ ይሞላዋል። ረጅም ቅጽ የሰጣችሁት ፎርማን ሁሉንም 2 ብሎ ይመልሰዋል። በሦስተኛው ቀን ራሳችሁ ሂዱ፤ ሠልጣኙ ሻይ እያመላለሰና እየጠረገ ብቻ ከሆነ ያን ጊዜ ይታያል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ከሆነ ረፍዷል። ከመግባታቸው በፊት የሚሠሩትን ሦስት ሥራ ከባለቤቱ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ።

10ኛ ሳምንት፦ መቀጠርና ሥራ ላይ መቆየት

ሰነዶቹን በአንድ አቃፊ ያደራጁ፦ የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የፋይዳ ቁጥር ወይም የቀበሌ መታወቂያ፣ ፎቶግራፍ፣ የአንድ ገጽ ሲቪ፣ የልምምድ ቦታው ማስረጃ። ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ግምጃ ቤትና ሹፌርነት ለመሳሰሉ ሥራዎች ቀጣሪ ተያዥ ይጠይቃል። ተያዥ በአንድ ቀን አይገኝም፤ ሠልጣኙ በስምንተኛው ሳምንት ሰው ማነጋገር ይጀምር። ተያዥ የሚሆነውም ሰው የሚገባበትን ኃላፊነት ይወቅ።

ለቃለ መጠይቁ ሦስት መልስ ብቻ በደንብ ይዘጋጅ፦ ምን መሥራት ትችላለህ፣ ያበላሸኸውን እንዴት አስተካከልክ፣ ስንት ትጠብቃለህ። ለሦስተኛው ከስምንቱ ቤቶች የሰማችሁትን የደመወዝ መነሻ ንገሯቸው፤ ከደመወዝ ላይ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮና ግብር እንደሚቆረጥም ያስሉ። እጅ ላይ የሚደርሰውን ሳያሰላ የተስማማ ሰው በመጀመሪያው ወር ተታለልኩ ብሎ ይለቃል።

ከሕጉ እነዚህን ይያዙ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቁ ያልሆነ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በቀን ያለ የትርፍ ሰዓት ሥራ በአንድ ተኩል፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በእጥፍ፣ የሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል ይከፈላል። በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ እየተነገረው በድምሩ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ወይም ያለ በቂ ምክንያት አምስት ቀን የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ይህን የመጨረሻውን ከራሳቸው መዝገብ ጋር አስተያዩት፦ «በእነዚህ 10 ሳምንታት ስንት ጊዜ አርፍደሃል?» ብዙዎቹ ገጻቸውን አይተው መልሱን ራሳቸው ይሰጣሉ።

ከተቀጠሩ በኋላ ሁለት ጊዜ ደውሉ፤ አንዱን በሁለተኛው ሳምንት፣ ሌላውን የሙከራው ጊዜ ሊያበቃ ሲቃረብ በ45ኛው የሥራ ቀን ግድም። ሠልጣኙን ስለ ሥራው አትጠይቁት፤ «ደህና ነው» ይላችኋል። ባለፈው ሳምንት ምን እንደታዘዘ፣ ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንደተበላሸና ለማን እንደተናገረ ጠይቁት። ከዚያ ፎርማኑ ዘንድ ደውላችሁ ከስድስቱ የትኛው እንደጎደለው ስሙ፤ የሚቀጥለውን ዙር ዝርዝር የምታስተካክሉት በዚያ መልስ ነው።